መታያ፣ አሳላፊ፣ አሻጋሪ፦ በስልክ መተግበሪያዎች የአማርኛ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ እስካሁን በአብዛኛው የተመራው ቃሉ በመጽሐፍ ውስጥ ይነበባል በሚል ግምት ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚያነብ ሰው ጊዜ አለው፤ ፍቺው ካልገባው ምሳሌውን ያያል፤ ምሳሌው ካልበቃው ወደ ሌላ ገጽ ይዘልቃል። በስልክ መስታወት ላይ የተጻፈ ቃል ግን እንዲህ ያለ ፋታ አይሰጥም። ይነበባል፤ ወዲያውም በጣት ይነካል። ከተነካ በኋላ ገንዘብ ይሄዳል፣ ደብዳቤ ይጠፋል፣ ወይም የነበረው ገጽ ተሰውሮ ሌላ ይመጣል። ስለዚህ የእንዲህ ያለው ቃል ትክክለኛነት የሚለካው በፍቺው ብቻ ሳይሆን በሚያስከትለው ድርጊት ጭምር ነው ባይ ነን።

ሂሳችን የሚያተኩረው በመተግበሪያዎች ውስጥ ገጾችን ስለሚያዝዙና ተጠቃሚውን ከገጽ ወደ ገጽ ስለሚወስዱ ክፍሎች በአማርኛ በተለመዱት ስያሜዎች ላይ ነው። ስያሜዎቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን በተጠቃሚው ዓይን ፊት የሚውለው፣ በአዝራር ላይ የሚጻፈው ነው። ሁለተኛው ከመስታወቱ ጀርባ ያለው፣ ፕሮግራም ሠሪው ለባልንጀራው ሲያስረዳ፣ መምህሩም ተማሪውን ሲያስተምር የሚገለገልበት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ቢመስሉም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ የጀርባው ሲጣመም የፊቱም አብሮ መጣመሙ አይቀርም።

ነገሩን ያነሣሣን ላንጋኖ ላይ ያየነው ነው። የቃላት ካርዶቻችንን ጠቅልለን፣ ከቢሮ ራቅ ብለን ለመመርመር ወደ ሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ወርደን ነበር። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ሐይቅ፣ ውኃው በደለል ምክንያት ቡናማ ቢሆንም፣ ለዋና የሚመጣ እንግዳ አያጣም። እንግዳ በበዛበት ቦታ ደግሞ ዓሣ የሚጠብስ ይኖራል። በዕድሜ ገፋ ያሉ አንዲት እናት ዓሣ ጠብሰው ይሸጣሉ፤ ሂሳብም በስልክ ይቀበላሉ። አንድ ጎልማሳ የ450 ብር ዓሣ በልቶ 500 ብር አስተላለፈላቸው። እርሳቸውም 50 ብሩን ሊመልሱለት ስልካቸውን ሲመለከቱ በገጹ ግርጌ «መልስ» የሚል አዝራር አገኙ፤ ተጫኑት። የክፍያው ገጽ ተሰውሮ የመጀመሪያው ገጽ መጣ። ደንበኛው መልሱ ደርሶኛል እንዳይል አልደረሰውም፤ ሴትዮዋም ልኬያለሁ አሉ፤ ጥቂት ጭቅጭቅ ሆነ። ነገሩን ስናስረዳቸው «ልጆቼ፣ እኔ መልስ ስጥ አልኩት፤ እሱ ግን ራሱ ተመለሰ» አሉን። ከዚህ የተሻለ የቋንቋ ትንተና በዚያ ሳምንት አልሰማንም።

«መልስ» በአማርኛ የጥያቄ ምላሽ ነው፤ ከተሰጠ ገንዘብ ላይ የሚተርፈው ዝርዝር ነው፤ ከሠርግ በኋላ የሚደረገው ግብዣም ነው። በዚህ ላይ ጠብቆ ሲነበብ ለወንድ የሚሰጥ ትእዛዝ ይሆናል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ስሙና ትእዛዙ በጽሕፈት አይለያዩም፤ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ዐውዱ ይለያቸዋል፤ በአዝራር ላይ ግን ዐውድ የለም። ወይም የተሳሳተ ዐውድ አለ፤ በክፍያ ገጽ ላይ «መልስ» ያየ ነጋዴ ስለ ሠርግም ሆነ ስለ ቀደመው ገጽ አያስብም። እኛ ራሳችን በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ መስመር «ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ» ስንል መተርጎም ማለታችን ነበር። አንድ ግሥ ይህን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ ሳለ ተርጓሚው ሌላ ሲጨምርበት ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት።

ብዙዎቹ መተግበሪያዎች «ተመለስ» እንጂ «መልስ» አይሉም፤ ይህ የተሻለ መሆኑን እናምናለን። ይሁን እንጂ «ተመለስ» የራሱን ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ የሚመለሰው ማን ነው? ተጠቃሚው መሣሪያውን ያዝዛል ካልን፣ ትእዛዙ ለመሣሪያው ስለሆነ የወንድ ነጠላ መሆኑ ላያስነቅፍ ይችላል። መሣሪያው ተጠቃሚውን ያዝዛል ካልን ግን ዓሣ ሻጯን እናት «ተመለስ» ማለት ሁለት ስሕተት ነው፤ አንድም ጾታቸውን፣ አንድም ዕድሜያቸውን ስቷል። የሚያሳዝነው በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱም አነጋገር ተደባልቆ መገኘቱ ነው። ከላይ «የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» ተብሎ አንቱታ ይሰጣል፤ ከታች «ላክ»፣ «ሰርዝ»፣ «ተመለስ» ይባላል። አንባቢው በአንድ ትንፋሽ አንቱም አንተም ተባለ ማለት ነው። ተርጓሚው ይህን ያደረገው ከላይ መሣሪያው ለሰው፣ ከታች ሰው ለመሣሪያው ይናገራል ብሎ ይሆናል። ልዩነቱ በሐሳብ ደረጃ የሚያስኬድ ቢሆንም፣ ከተጠቃሚዎች ስንቱ እንደዚያ አድርጎ እንደሚያነበው እንጠራጠራለን።

በላንጋኖ አካባቢ ይህ ጉዳይ ሌላም ገጽታ አለው። የአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥም የአንዱ ስልክ በኦሮምኛ፣ የሌላው በአማርኛ ሊሆን ይችላል። በኦሮምኛ «ዴቢኢ» የሚለው ትእዛዝ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ አክብሮት ሲፈለግ ወይም ብዙዎች ሲታዘዙ «ዴቢኣ» ይባላል። እንግዲህ የኦሮምኛው ተርጓሚ ከጾታ ጣጣ ነጻ ነው፤ የሚመርጠው በአክብሮት ደረጃ ብቻ ነው። የአማርኛው ተርጓሚ ግን «ተመለስ»፣ «ተመለሺ»፣ «ይመለሱ»፣ «ተመለሱ» ከሚሉት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። ከየትኛው ቋንቋ እንደተረጎመ ስናይ ደግሞ እንግሊዝኛው አዝራር ትእዛዝም እንኳ ሳይሆን «ኋላ» የሚል ተውሳከ ግሥ ብቻ ነው።

ታዲያ እንደ እንግሊዝኛው «ወደ ኋላ» ብለን ለምን አንገላገልም የሚል ይኖራል። ብዙ መተግበሪያዎች ይህን ብለዋል። ነገር ግን «ፊት»ና «ኋላ» በአማርኛ ስለ ቦታ ሲነገሩና ስለ ጊዜ ሲነገሩ አንድ አቅጣጫ አይጠብቁም። «ወደፊት» ገና የሚመጣው ዘመን ነው፤ «በፊት» ያለፈው ነው። «ኋላ እመጣለሁ» ያለ ሰው ከቆየ በኋላ ሊመጣ ነው፤ «ወደ ኋላ ቀረ» የተባለ ሰው ግን ሌሎች ጥለውት ሄደዋል። ከሁለት ገጾች መጀመሪያ ያነበብነው «የፊተኛው»፣ ቀጥሎ ያነበብነው «የኋለኛው» ይባላል። ስለዚህ በመተግበሪያ ውስጥ «ወደ ኋላ» የሚለውን የሚጫን ሰው የሚደርሰው ወደ ፊተኛው ገጽ ነው! ይህ ለቀልድ የተነገረ እንዳይመስል፤ የሁለቱ ቃላት መጋጨት በስልክ አገልግሎት ለሚያስረዳ ሰው እውነተኛ ችግር ነው። «ወደ ፊተኛው ገጽ ይሂዱ» ሲባል «ቀጥል» የሚለውን የሚጫን ሰው ጥፋተኛ ሊባል አይችልም። «ቀዳሚ» የሚለው ቃል ግን ከዚህ ውዝግብ ነጻ ነው፤ የቀደመ ምንጊዜም የቀደመ ነው።

ከ«ኋላ» ጎን ሌላ አስቸጋሪ ጓደኛ አለ። በአንድሮይድ አሠራር፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ፣ ሁለት ዓይነት መመለስ ተለይቷል፤ አንዱ ተጠቃሚው በመጣበት መንገድ የሚመልሰው ሲሆን፣ ሌላው ገጹ በሥርዓት ወደሚታቀፍበት የበላይ ገጽ የሚወስደው ነው። ለአንባቢ እንዲቀል በቦታው እንመስለው። ላንጋኖ የገባ መንገደኛ ከሞጆ በመቂና በዝዋይ አልፎ፣ አለዚያም ከሻሸመኔ መጥቶ ሊሆን ይችላል። በመጣበት መመለስ ለአንዱ ወደ ሰሜን፣ ለሌላው ወደ ደቡብ ነው። ቦታው ግን የሚተዳደርበት ወረዳ አለው፤ ይህ መንገደኛው በየትም ይምጣ በየት አይለወጥም። ይህን ሁለተኛውን እንግሊዝኛው «ላይ» ስላለው በአማርኛም «ወደ ላይ» ተባለ። አንባቢው የሚረዳው ገጹን ወደ ላይ መግፋትን ነው። በቢሮ አማርኛ ከሆነም «ጉዳዩ ወደ ላይ ቀረበ» እንደሚባለው አቤቱታ የቀረበ ይመስለዋል፤ ሳይታሰብ ይህ ፍቺ ለሐሳቡ የበለጠ መቅረቡን ሳንጠቅስ አናልፍም።

አሁን ወደ መስታወቱ ጀርባ እንሻገር። ገጽን፣ መረጃንና ትእዛዝን ለይቶ የመሥራቱን ዘዴ የነደፈው ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ ነው፤ ይህንንም ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1979 በካሊፎርኒያ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል በእንግድነት በነበረበት ጊዜ ነው። ለእኛ ለቃላት ሰዎች ትልቁ ቁም ነገር የስያሜው ታሪክ ነው። ዛሬ «ኮንትሮለር» የሚባለው ክፍል በመጀመሪያው ረቂቅ በሌላ ስም፣ «አርታኢ» በሚል ትርጉም ይጠራ ነበር። ሬንስካውግ እንደመሰከረው፣ በተለይ ከአዴል ጎልድበርግ ጋር ረጅም ውይይት ከተደረገ በኋላ በዚያው ዓመት መጨረሻ «ሞዴል፣ ቪው፣ ኮንትሮለር» በሚለው ተስማሙ። እንግዲህ የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰዎች ተከራክረው የመረጡት ነው። የእኛ ተርጓሚዎች ግን ክርክሩን ሳይሆን ውጤቱን ብቻ ወስደው ቃል በቃል መለሱት፤ «እይታ» አሉ፣ «ተቆጣጣሪ» አሉ።

«እይታ» የማየት ድርጊት ስም ነው፤ የተመልካቹ ነው። «በእኔ እይታ» ስንል የእኛን አስተያየት ማለታችን ነው። በፕሮግራም ሥራ ውስጥ የተባለው ነገር ግን የተመልካች ድርጊት አይደለም፤ መረጃው የሚታይበት የተከለለ ቦታ ነው። አዝራሩም፣ ሥዕሉም፣ የስም ዝርዝሩም እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ክልል ነው፤ አንዱም በሌላው ውስጥ ይገባል። አንድ መምህር «እይታውን በእይታው ውስጥ አስገባው» ሲል ሰምተን ተማሪው ምን እንደጻፈ ለማየት አንገታችንን አስግገናል። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቅርጽ አለው፤ የመሣሪያና የቦታ ስም የሚባለው ነው። ከ«አየ» «ማያ» ይወጣል፤ ይህም ለመላው መስታወት «ማያ ገጽ» ተብሎ አገልግሎት ላይ ውሏል፤ መልካም ስያሜ ነው። ከ«ታየ» ደግሞ «መታያ» ይወጣል። ሰው የሚያይበት ማያ ነው፤ ነገሩ የሚታይበት መታያ ነው። ልዩነቱ በአንድ ፊደል የተገለጸ፣ ግን በግሡ ባሕርይ ውስጥ ያለ በመሆኑ ማንም ተናጋሪ ሳይማረው ይረዳዋል። «መታያውን በመታያው ውስጥ አስገባው» ሲባል የሚያስቅ ነገር የለውም።

«ተቆጣጣሪ» ከዚህ ይከፋል። በአማርኛ ተቆጣጣሪ የሚሠራ ሳይሆን የሌላውን ሥራ የሚያይ ነው፤ አውቶቡስ ላይ ድንገት ወጥቶ ትኬት የሚጠይቀው፣ መጋዘን ከፍቶ ንብረት የሚቆጥረው ነው። በመተግበሪያ ውስጥ ያለው ክፍል ግን ማንንም አይመረምርም። መታያውን ያዘጋጃል፤ ከመረጃው ጋር ያገናኛል፤ ጊዜው ሲደርስ ያቀርበዋል፤ ሲያበቃም ያነሣዋል፤ ቀጥሎ የሚቀርበውንም ይጠራል። ይህን ተግባር ለአንድ ጎንደሬ ወይም ሸዌ አዛውንት ብንዘረዝርለት፣ ያለጥርጥር «አሳላፊ ነዋ!» ይለናል። በግብር ላይ አሳላፊ ምግቡን አያበስልም፤ አይበላምም፤ ማን ምን መቼ እንደሚቀርብለት አውቆ ያቀርባል፣ ያነሣል። ቀረበና ተነሣ የሚሉት ግሦችም አብረው ስለሚመጡ፣ በእንግሊዝኛ ለማቅረብና ለማሰናበት የተለዩት ሁለት ትእዛዞች ያለ አዲስ ፈጠራ ስማቸውን ያገኛሉ። በመካከላችን «አጋፋሪ» ይሻላል ያለ ነበር፤ እንግዳ አስገብቶ በየማዕረጉ የሚያስቀምጥ ስለሆነ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ሆኖም ቃሉ የቤተ መንግሥት ሽታ ስላለበት ኮምፒዩተር የሚማር ወጣት ፈገግ ብሎ ያልፈዋል ብለን ተውነው።

«አሳላፊ»ም እንከን የለበትም አንልም። «አሳልፎ ሰጠ» ክዳት ነው። ይህን ሐሳብ ስናነሣ አንድ ባልደረባችን «መረጃ የሚያሳልፍ» የሚል ፍቺ ይይዛል ብሎ ሠጋ። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ግን «አሳልፎ ሰጪ»ና «አሳላፊ» በንግግር ተለይተው ስለኖሩ ብዙ አያስጨንቀንም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን «ዳሰሳ»ና «አሰሳ» ነው። ከገጽ ወደ ገጽ መሄድን የሚመለከተው የእንግሊዝኛ ቃል ከላቲን የመጣ የመርከበኞች ቃል ነው፤ መርከብን መምራት ማለት ነው። መርከበኛ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። በአማርኛ የተሰጠው ምትክ ግን በተቃራኒው የማያውቅ ሰው ቃል ነው፤ ዳሰሰ ማለት በእጅ እየነካ ፈለገ፣ በጨለማ ተንቀሳቀሰ ነው። «የዳሰሳ ጥናት» የሚለውን የጥናት ሰዎች አስቀድመው ወስደውታልና፣ «የዳሰሳ አሞሌ» ሲባል ደግሞ አንባቢው አንድም ጥናት፣ አንድም ጨው ያስባል። (ስለ «አሞሌ» ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።) «አሰሳ»ስ? አሰሳ ጥሻ ለጥሻ፣ ቤት ለቤት መፈተሽ ነው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ የነበረ ሰው ይህን ቃል የሰማበት ጊዜ አለው፤ ያ ሰው ዛሬ አያት ነው፤ ስልክም ይዟል። «ወደ መነሻ ያስሱ» ሲባል የሚሰማውን ተርጓሚው ላያውቀው ይችላል፤ መዝገበ ቃላት ሠሪ ግን ላውቀው አልችልም ሊል አይገባም።

መርከብ ባልነበረበት አገር የመርከበኛን ቃል መፈለግ ከንቱ ነው የሚለውን አንቀበልም። ከላንጋኖ በስተሰሜን በዝዋይ ሐይቅ የሚኖሩት የዛይ ሰዎች ከደሴት ወደ ምድር በታንኳ ሲመላለሱ ኖረዋል፤ የጣና ሰዎችም እንዲሁ። ከሁሉም በላይ ግን የእኛ መንገደኛ የሚቸገረው በባሕር ሳይሆን በወንዝ ነበር። ስለዚህ ቋንቋው ብዙ ያሰበው ስለ መሻገር ነው። ተሻገረ፣ አሻገረ፣ መሻገሪያ፣ ማዶ፣ ወዲህ ማዶ፣ ወዲያ ማዶ። ወንዝ ሲሞላ መንገደኛውን በዋናም በታንኳም የሚያሻግረው «አሻጋሪ» ይባላል፤ መሻገሪያውን ያውቃል፣ ማን በየት እንደመጣ ያውቃል፣ መልሶም ያሻግራል። ከመታያ ወደ መታያ የሚወስደውን፣ የመጡበትንም የሚያስታውሰውን ክፍል «አሻጋሪ» ብንለው ከላቲኑ መርከበኛ የሚያንስበት ነገር አይታየንም። ቃሉን በቅርብ ዓመታት የፖለቲካ ንግግር ጥቂት እንዳደከመው እናውቃለን፤ «ሽግግር» የሚለውንም ከዚያ በፊት እንዲሁ። ሰዋስው አስተማሪዎችም «ተሻጋሪ»ን ለግሥ ይዘውታል። እነዚህ ግን ቃሉ በተለያየ ሙያ መሥራት መቻሉን ያሳያሉ እንጂ አይከለክሉትም።

አሻጋሪው የመጡበትን እንዴት ያስታውሳል? የአፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ለአይፎን ፕሮግራም ሠሪዎች ባቀረበው መሥሪያ ውስጥ ነገሩ ግልጽ ነው። ከታች አንድ መሠረት የሚሆን አሳላፊ ይቀመጣል፤ ተጠቃሚው ወደ ሌላ ገጽ ሲሄድ አዲሱ በላዩ ላይ ይደረባል፤ ሲመለስ ከላይ ያለው ይነሣና ከሥሩ ያለው ይገለጣል። መጨረሻ የመጣው መጀመሪያ ይሄዳል። ይህን አሠራር በአማርኛ «ቁልል» ማለት ተለምዷል። ቁልል ግን እንደ ድንጋይ ወይም እንደ ነዶ በሥርዓትም ያለ ሥርዓትም ወደ ላይ የተከመረ ነው፤ ከመካከሉ መምዘዝ ይቻላል፤ ቢናድም ቁልል መሆኑ አይቀርም። የምዕራብ አገር መምህራን ነገሩን በምግብ ቤት ሳህኖች ይመስሉታል። እኛ መሶብ አለን። እንጀራ በእንጀራ ላይ ሲነባበር የመጨረሻው ከላይ ይሆናል፤ ከላይ ያለው ሳይነሣ የታችኛው አይበላም። ቅቤና በርበሬ እየተቀባ የሚደራረበውን «አነባበሮ» ያልነውም ከዚሁ ግሥ ነው። ስለዚህ ነገሩን «ንብብር»፣ መጨመሩን «ማነባበር»፣ መቀነሱን «ማንሣት» እንበል። ተማሪ መሶቡን አንድ ጊዜ ካሰበ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

እዚህ ላይ የሚቀርብብን ተቃውሞ ይታወቀናል። ፕሮግራሙ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወጣቶቹም እርስ በርስ ሲነጋገሩ «ቪው ኮንትሮለሩን ፑሽ አድርገው» ይላሉ፤ ሥራውም ይሠራል። እውነት ነው፤ እኛም ይህን ልማድ ለማስተው አንነሣም። «ሞዴል»ን እንዳለ ብንተወው የሚጎዳ የለም። ነገር ግን «ርእዮተ ዓለም»ና «ወዝአደር» ሲፈጠሩ ሰው ስቋል፤ ኋላም ሳያስበው ተናግሯቸዋል። ሌላው ተቃውሞ የ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት እያለ አዲስ መፍጠር ለምን አስፈለገ የሚል ነው። ያ መጽሐፍ ሲታተም የፊደላችን ቤት ገና ወደ ዩኒኮድ አልገባም ነበር፤ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በጣት የሚነካ ገጽም በአገራችን ሰው እጅ አልነበረም። የዚያ ሥራ አዘጋጆች ሊጠየቁበት የማይገባውን ዛሬ እኛ እንጠየቅበታለን።

ወደ አዝራሩ እንመለስ። እስካሁን ለጀርባው ያቀረብነው የመሣሪያ ስም ለፊቱም ያገለግላል ብለን ነበር። አዝራር ትእዛዝ አይደለም፤ መሣሪያ ነው። የሚከፍቱበት መክፈቻ፣ የሚዘጉበት መዝጊያ፣ የሚመዘገቡበት መመዝገቢያ ከሆነ፣ የሚመለሱበትም «መመለሻ» ነው። ቅርጹ ጾታ የለውም፤ አንተና አንቱ አይለይም፤ ሻጯንም ደንበኛውንም እኩል ያስተናግዳል። ርዝመቱም አራት ፊደል ብቻ ነው። «መተግበሪያ» የሚለው ቃል ራሱ በዚህ ቅርጽ ተፈጥሮ ሕዝብ ተቀብሎታል። «ተመለስ»ን «መመለሻ»፣ «ላክ»ን «መላኪያ»፣ «ሰርዝ»ን «መሰረዣ» ብንል የአዝራሩ ጣጣ ሁሉ ያልቃል የሚል እምነት ይዘን ካርዶቻችንን አሰርን።

ከመነሣታችን በፊት ግን እነዚያን እናት ድጋሚ ዓሣ ልንበላ ሄደን ካርዶቹን አሳየናቸው። «መሰረዣ»ን ወዲያው አወቁት። «መላኪያ» ሲያዩ «ስንት ነው?» አሉ። «መመለሻ»ን አይተው ደግሞ «ይኼስ የመኪና ነው?» ብለው ጠየቁን። ልክ ነበሩ። የመሣሪያ ስም በአማርኛ ለነገሩ የሚከፈለውንም ዋጋ ይጠራል፤ መሳፈሪያ የሚሳፈሩበት ገንዘብ ነው፤ የመላኪያ ለዕቃ የሚከፈል ነው፤ መመለሻ ያጣ መንገደኛ መኪና ሳይሆን ብር ያጣ ነው። ገንዘብ በሌለበት ገጽ ላይ ቅርጹ ያለ እንከን ይሠራል፤ በክፍያ ገጽ ላይ ግን የአገልግሎት ዋጋ የሚያስከፍል ይመስላል። ይህን ቢሮ ተቀምጠን አላየነውም ነበር።

ለክፍያ ገጽ በጊዜያዊነት የያዝነው «ቀዳሚ ገጽ» የሚለውን ነው። ሴትዮዋ ሲያነቡት «እህ፣ የቅድሙ» አሉ። «የቅድሙ» ከእኛ ቃል የተሻለ መሆኑን በመካከላችን ሁለት ሰዎች አጥብቀው ይከራከራሉ፤ ሌሎቹ ለአዝራር የቤት ቋንቋ ይሆናል ይላሉ። በክፍያ መተግበሪያዎች ላይ የሠሩ ተርጓሚዎች በዚህ አዝራር ላይ ምን ጽፈው ተጠቃሚው እንዴት እንደተረዳው ቢጽፉልን በካርዱ ጀርባ እንመዘግበዋለን፤ ካርዱ ገና ባዶ ነው።